በርቢ የተሰጠችው መኪና

ሰው አበልጁን ካላመነ እንግዲህ ማንን ይመን? እፀገነትም ያመነችው አበልጇን ነው፤ ሌላ ጥፋት የለባትም።

እፀገነት መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። አብሮ አደጓ አፈወርቅ የልጇ የቸሩ ክርስትና አባት ሲሆን፣ አዲስ አበባ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎችን ገጣጥሞ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ! ቅዳሜና እሁድ ዳገት ለዳገት የሚያሽከረክሯቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

እሷንም ይኸው ፍቅር ክፉኛ ይዟት ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ጭጋጉ ከደጅ አላስወጣ ሲል፣ ቁጭ ብላ አንዲት መኪና ሠራች። ማርሿን ከተበላሸ የልብስ ስፌት መኪና በፈታችው ብረት አበጀችላት። ያንን የመንዝ ድንጋይ ስትወጣው ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። እፀገነት ግን ከሁሉ በላይ የምትኮራው በአንድ ነገር ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ካቻቪቴ ፈቶ ሊጠግናት ይችላል። «እኛ አገር በተሰበረ ቁጥር አዲስ የሚገዛ የለም። የማትጠገን ከሆነች ባትሠራ ይሻላል» ትል ነበር።

አፈወርቅ ለትንሣኤ መጥቶ መኪናዪቱን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ድርጅቱ አዲስ ሞዴል እየፈለገ ነው። ስጪኝ፣ ልውሰዳት» አላት።

ታዲያ ምን አደረገች? ውል ተፈራረመች? ወዴት! የመንዝ ሰው በግ እንደሚሰጠው በርቢ ሰጠችው። በርቢ የተሰጠች በግ እናቲቱ የባለቤቷ እንደሆነች ትቆያለች፤ ግልገሉን ከአርቢው ጋር እኩል ይካፈላሉ፤ ማሰሪያው ቃል ብቻ ነው። አባቷ አቶ ወዳጆ መሃል ቆመው «እናቲቱ የእሷ ናት፤ ልጆቿም እንደ እናታቸው ይሁኑ» አሉ። አፈወርቅ እየሳቀ «አሜን! እንዳለች ነው የምትወጣው፣ አንድ ብሎን አይነካባትም» አለ። እፀገነትም የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አፈወርቅ ካርቶን ታቅፎ መጣ።

«ይኸውልሽ፣ ወጣች!»

ቀይ ናት፣ ታብረቀርቃለች። እፀገነት ደስታዋን መቻል ቢያቅታት አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ወዲያው መኪናዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። መኪናዋ የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ቀጭ አለችና ቆመች።

«ግድ የለም፣ አሁን እፈታታለሁ» ብላ እፀገነት ካቻቪቴዋን አመጣች። ገልብጣ ብታያት ብሎን የለም። ዙሪያዋን ዳሰሰች፤ በማጣበቂያ ድፍን ተደርጋለች።

«በየት በኩል ነው የምትከፈተው?»

«አትከፈትም።»

«ስትሰበርስ?»

«ሌላ ይገዛሉ።» አፈወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማርሿ ፕላስቲክ ነው። የብረቱማ ተሠርቶ መጋዘን ተቀምጧል። መጀመሪያ ይቺ ትሸጣለች፤ ሰዉ ሲማረር በዓመቱ ‹የተሻሻለ› ተብሎ ያኛው ይወጣል። ንግድ ነው እፀዬ። ካልተሰበረበት ማን ተመልሶ ይመጣል?»

«የኔዋስ? እናቲቱ?»

«ሲያጠኗት ፈታተው በታተኗት።»

ወይ ጉድ! እፀገነት ቀይዋን መኪና መሬት አስቀመጠቻት። ግን አይ ሞኝነት፣ አሁንም ለእሱ አሰበችለት። «መቼም አለቆችህ ናቸው እንጂ አንተ እንዲህ አታደርግም። ተከራክረህላታል፣ አውቃለሁ» አለችው።

አፈወርቅ ባዶውን ካርቶን ይከድን ጀመር።

«ተከራከርክላት አይደል?»

«እነሱማ ብሎን ሊያደርጉላት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ‹ሞላሌ አንዲት አበልጅ አለችኝ፤ ካቻቪቴ ከገባላት የማትጠግነው ነገር የለም። እንደ እሷ ያለ ሰው በየከተማው ሞልቷል። እነሱ እንዳይከፍቷት ካላደረግን አንድ ሰው አንድ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ይነዳታል› አልኳቸው። በጣም ወደዱት። እድገቴንም ያገኘሁት በዚሁ ነው።»

የእፀገነት ዓይን እንባ ሞላ። ንዴቱ ሳይሆን ኀዘኑ ነው ያንገበገባት። «እጄን እያወቅህ!» አለችው። «እጄን እያወቅህ፣ እኔው እንዳልከፍታት ዘጋህብኝ!»

«ይቅር በይኝ። ነገ ጠዋት ረጋ ብለን እንነጋገራለን።»

«እዚህ አታድርም።»

«እንዴ፣ የደብረ ብርሃን መኪና እኮ ሄዷል!»

«ይሂድ።»

እቤት ውስጥ አልጋ ተነጥፎለታል፤ በግም ታርዶለታል። አቶ ወዳጆ ደጃፉ ላይ ከተቀመጡበት ደንግጠው ተነሡ። «ኧረ ተይ ልጄ! አበልጅ እኮ ነው» አሉ።

«ነበረ አባዬ» አለች እፀገነት፤ የግቢውን በር ከፍታም አፈወርቅ እስኪወጣ ድረስ መዝጊያውን ይዛ ቆመች።