ባሌስትራና ድንጋይ

የወተት ማኅበሩ ኃላፊ መኪና የሚመረምረው በመሣሪያ አይደለም፤ በወተት ሣጥን ነው። የተራራውን መስመር ለመሥራት ያመለከተ ሁሉ መኪናውን ግቢው መሐል ደልዳላ ቦታ ላይ ያቆማል። ኃላፊው ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን ያመጣና ከፊትና ከኋላ ጎማ መሐል አስገብቶ፣ በጫማው እየገፋ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሳልፈዋል። ሣጥኑ የመኪናዋን ሆድ ሳይነካ ከወጣ ሥራው ተገኘ ማለት ነው። ከነካ ግን «ትንሽ ትደግና ያምጧት» ይላል፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ከትምህርት ቤት በር እንደሚመልስ ሰው።

የእኔ ፒክአፕ ነካች። እንዲያውም መንካት አይባልም፤ ሣጥኑ ከጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ሥር ተወትፎ ቀረና ኃላፊው በሆዱ ተኝቶ ጎትቶ አወጣው።

«የኔ እመቤት፣» አለ አቧራውን እያራገፈ፣ «ይቺ እኮ መኪና ሳትሆን ምንጣፍ ናት። ላይ ያለው መንገድ ሆዷን ነው የሚዘረግፈው።» ከኋላ በሸራ የተሸፈነውን በዓይኑ ለካ። «እኔ ደግሞ የምመረምረው ከነሸክሟ ነው። መንገዱም የሚያገኛት ከነሸክሟ ነው።»

«ከፍ ባስደርጋትስ?»

«እስከ ሰኞ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ አመልካች አለ፤ መኪናው ግመል ናት።»

ሥራው ከተራራው መንደሮች የወተት ናሙና ሰብስቦ፣ እዚያው የሚለካውን ለክቶ፣ የቀረውን ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግን የዘመድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ስሸጥ ከረምኩ። ሥራውን ፈልጌዋለሁ። ምን ያህል እንደፈለግሁት ለሰው አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ይሳሳል።

ፒክአፗ የባለቤቴ ናት። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። መጨረሻ የጠረባቸው የደረጃ ድንጋዮች እሱ ራሱ እንደጫናቸው፣ በሸራ ተሸፍነው ከኋላ አሉ። ያዘዘው ሰው ቤቱን ሳይጨርስ ሸጦ ሄዷል፤ የጠየቀም የለም። እኔም ባትሪዋ እንዳይሞት አልፎ አልፎ ሰፈር ለሰፈር አዞራትና መልሼ ከግድግዳው ጥግ አቆማታለሁ። ስለ ድንጋዮቹ በቤታችን አይወራም።

ማታ ሳሎን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጥን፤ እኔ፣ አማቴና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ወንድምየውን ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ስሙን ያገኘው በልጅነቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥማት ግማሽ ኩባያ ብሎን ስለተረፈው ነው። አሁን ስልክ ይጠግናል። ዛሬም ብሎን ይተርፈው እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀው የለም።

«እትዬ፣ ይሄን እዪ!» ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ጎማዋ ሰው የምታህል መኪና ወንዝ ታቋርጣለች። «ሙሉ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ሞላው፣ ባሌስትራው፣ አሞርዛተሩ፣ ብሎኑ ሳይቀር። መፍታት፣ መግጠም፣ አለቀ!»

«አንተ ከፈታሃትማ በእርግጥ አለቀላት» አሉ አማቴ።

«እማዬ ደግሞ!»

«እኔስ በምን ልወጣባት ነው? መሰላል ተሸክሜ ልዙር?» አሉ።

«ዋጋውስ?» አልኩት።

ዋጋውን አሳየኝ። ወዲያው ስልኩን ራሱ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«እግር የሚዘረጋው በፍራሽ ልክ ነው» አሉ አማቴ።

«የኛማ ፍራሽ የሕፃን ነው።» ጥቂት አሰበ። «ጎማውን ብቻ ትልቅ ብናደርገውስ?»

«መሪ ስጠመዝዝ ጭቃ መከላከያውን ይፍቀዋል፤ አንብቤያለሁ» አልኩ። «እኔ ያሰብኩት ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ከኋላ ከተደራረቡት የብረት ቅጠሎች ላይ አንድ ቅጠል መደረብ። የጎበጠ ወገቧን ያቃናዋል።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ኢንጂነር ፈጠን ብሎ።

«በጣም ጥሩ» አሉ አማቴም።

ሁለቱም በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው አላዩም። ያለማየታቸው ጎልቶ ታየኝ። እኔም አላየሁም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ከኢንጂነር ጋር ጋሽ ቆይ ጋራዥ ሄድን። ሰውየው «ቆይ» የተባሉት ለማንኛውም ነገር የመጀመሪያ መልሳቸው እሱ ስለሆነ ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው ሰው እየጮኸ ቢመጣ እንኳ «ቆይ» ይሉታል ተብሎ ይቀለድባቸዋል። ካርቶን አንጥፈው ከፒክአፗ ሥር ተንሸራተው ገቡ፤ ከእሳቸው የሚታየን ጫማቸው ብቻ ሆነ።

«ጋሼ፣ ባሌስትራ ማስጨመር ነበር የፈለግሁት» አልኩ ለጫማው።

«ቆይ።»

አንድ ነገር በመዶሻ ኳ ኳ አደረጉ። ዝገት ረገፈ። ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ።

«ምን ልትጭኚባት ነው?»

«ጠርሙስ። የወተት ናሙና፣ ከማቀዝቀዣ ሣጥን ጋር። ቀላል ነው።»

«ቆይ፣ ለጠርሙስ ባሌስትራ ይጨመራል እንዴ? ወገቧ ይደርቅና እንደ ፍየል ነው የምትዘልልሽ። ወተት ጭነሽ ቅቤ ታደርሻለሽ።»

ኢንጂነር ሳቀ። ጋሽ ቆይ ከመደርደሪያ ሁለት ቁራጭ ብረት አውርደው አሳዩን። «ለቀላል ጭነት ርካሹ ይበቃል። ከኋላ ባሌስትራው የተንጠለጠለበትን ብረት ትንሽ ረዘም ባለ እንቀይራለን፤ ይኸውልሽ። ከፊት ደግሞ ሞላው ራስ ላይ ይቺን ወፍራም ቀለበት እናስገባለን። በጣም አናነሳትም። ሰው ‹ጨምር ጨምር› ይለኛል፤ ከልኩ ካለፈ መሪዋ ያብዳል። ይሄ እንግዲህ ለጠርሙስ ነው።» ሸራውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄስ?»

ኢንጂነር በድንገት አንድ አሮጌ ጎማ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ።

«እሱ ጭነት አይደለም» አልኩ።

ጋሽ ቆይ አዩኝ። «ቆይ» አላሉም።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ላንቺ ጭነት አይደለም ካልሽ ለኔም አይሁን። ባሌስትራው ግን አልሰማም።»

መልሴን ሳይጠብቁ ሁለቱን መንገድ ለየብቻ አስቀመጡልኝ። «ይሄ እላይዋ ላይ የሚቆይ ከሆነ ያልሽው ልክ ነው፤ ባሌስትራ ይጨመራል። አንድ ቅጠል ግን አይበቃትም፤ ዝላዩን የሚያበርዱት አሞርዛተሮችም አብረው ይቀየራሉ።» ዋጋውን ነገሩኝ። ከያዝኩት በላይ ነበር፣ በጥቂትም አይደለም። «ከወረደ ግን በያዝሽው ይሆናል፤ ተርፎሽ ነዳጅ ትሞያለሽ። ሁለቱንም ሠርቼ አሳምርልሻለሁ። የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ የኔ እህት።»

አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ» አሉ። «አሁን አትምረጪ። ነገ እሁድም ቢሆን ላንቺ እከፍታለሁ።»

ስንመለስ ኢንጂነር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምንም አለማለትህን ሰምቻለሁ።»

«እኔማ ድሮ አወርዳቸው ነበር። እማዬ ትጎዳለች ብዬ ነው።»

«እኔም ለእሳቸው ብዬ ነው» አልኩ። እውነት ነበር። እውነቱ ሁሉ ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ቤት ስንደርስ አማቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ትልቅ መርፌ ውስጥ ሲባጎ ያስገባሉ። አጠገባቸው የከረጢት እራፊ አለ።

«ጎሽ፣ መጣችሁ። ጠጋ አድርጊያት እስቲ። የሸራው ጫፍ ተተርትሯል፤ ዝናብ ሊያስገባ ነው።»

ሸራው ከእራፊ ብዛት ሸራነቱ ቀርቷል። ሁሉም የእሳቸው ስፌት ነው። ሞተሩን አጠፋሁና ሳልወርድ በመስኮቱ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ድንጋዮቹ ይውረዱ ብል ቅር ይልዎታል?»

መርፌው አየር ላይ ቆመ።

«እኔን?»

«እርስዎን።»

«ምነው እኔን? ያንቺ አይደሉም እንዴ?»

«የእርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» መርፌውን ቀሚሳቸው ላይ ሰኩት። «እኔ ይሄን ሸራ ስጠቅም የከረምኩት አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው! ዓይኔ እስኪጠፋ! ዳመና ባየሁ ቁጥር መርፌ ይዤ ስሮጥ…» ቆም አሉ። ሸራውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ለመሆኑ ዝናብ ድንጋይን ምን ያደርገዋል?»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። አማቴ በሳቅ መነጽራቸው ወደቀ፤ እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ። ወደ ጓዳ ገብቶ የነበረው ኢንጂነር ድምፃችንን ሲሰማ በብርጭቆ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ የምናለቅስ መስሎት ነው። ግማሹንስ አልተሳሳተም።

«ምን ሆናችሁ?»

«ድንጋዩ እንዳይበሰብስ…» አሉ አማቴ፣ መጨረስ ግን አቃታቸው። ኢንጂነር ውሃውን ራሱ ጠጣው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አወረድናቸው። እኔና ኢንጂነር ግራና ቀኝ ይዘን፣ አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዛዥ ሆነው።

«ወገብህን ሳይሆን ጉልበትህን እጠፍ! ወንድ ልጅ ስልክ ብቻ ሲያነሳ ይኖራል?»

«እማዬ፣ ነይ አንቺ አንሺው!»

«እኔ በየወሩ ሸፍኛቸዋለሁ፤ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።»

ከግቢው ግድግዳ ሥር ደረደርናቸው። በአንደኛው ጎን በእርሳስ የተጻፈ ልኬት ነበር፤ የባለቤቴ እጅ ነው። ጽሑፉ ወደ ግድግዳው እንዲዞር አድርጌ አስቀመጥኩትና ቀጣዩን ለማንሳት ተመለስኩ።

ከግማሽ በላይ ሲወርድ ኢንጂነር ጎንበስ ብሎ ወደ ጎማው አየና ጮኸ። «ተነሣች! እትዬ፣ ተነሣች!» ተኝታ የከረመች ላም የቆመች ነበር የሚመስለው። የጎረቤት ሰዎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። አማቴ «ምንም የለም፣ መኪናችን ተሽሏት ነው» አሏቸው።

ግን ሙሉ በሙሉ አልተነሣችም። ብዙ የተሸከመ ሰው ሸክሙን አውርዶም ጥቂት ጎበጥ ብሎ እንደሚቀር፣ ባሌስትራውም ጎበጥ ብሎ ቀረ። እሁድ ጋሽ ቆይ ባዶውን ጀርባዋን አዩ። በክሪክ አነሷት፤ የኋላውን ማንጠልጠያ በረጅሙ ለወጡት፤ ከፊት ቀለበቶቹን አስገቡ። የፍሬን ቧንቧው እንዳይወጠር አዩ፤ የመብራቱ አቅጣጫ ከፍ እንዳይል አስተካከሉ፤ ነድተዋት መሪዋን ፈተሹ። ሁሉ አልቆ ኢንጂነር «ትንሽ እንኳ ብንጨምርላት?» ቢላቸው መልሱን ያው ታውቁታላችሁ።

ሰኞ ማለዳ አማቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ፈተናው የኔም ነው» አሉ።

ኃላፊው ሣጥኑን ይዞ መጣ። ከግቢው ጥግ ያቺ «ግመል» የተባለችው መኪና ቆማለች፤ ባለቤቷ ተደግፏት ጥፍሩን ይነክሳል። ሣጥኑ ገባ። ኃላፊው በጫማው ገፋው፤ እኔ ማርሚታዋን ሳይሆን ፊቱን አየሁ። ግማሽ ላይ ሣጥኑ ቆመ።

«ነካ?» አልኩ።

«አልነካም።» ኃላፊው በአንድ እግሩ ቆሞ ተንገዳገደ። «ጫማዬ ወለቀ።»

በካልሲው ገፋው። ሣጥኑ በወዲያኛው በኩል ወጣ፤ ጫማውም ከኋላው ተከትሎ። ኃላፊው ዞሮ ፒክአፗን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ምን አብልተዋት ነው?»

«አላበላናትም» አሉ አማቴ በመስኮቱ። «አራገፍንላት እንጂ።»

የጠርሙሶቹን መደርደሪያ በዚያው አስረከበኝ፤ የመጀመሪያው መንደር ከረፋዱ በፊት ይጠብቀኛል አለ። አማቴን ቤት ላድርስዎ ብላቸው፣ ቀበቶዬን ታጥቄአለሁ ብለው አልወርድም አሉ።

የተራራው መንገድ ላይ ስንወጣ መኪናዋ አዲስ ሆነችብኝ። የማውቃት ከነሸክሟ ነበርና እጄ የለመደው ያንን ነው፤ ነዳጅ ስሰጣት ትቀድመኛለች፣ ኩርባ ላይ ኋላዋ ቀለል ብሎ ይንሸራተታል፣ ድንጋይ ስትረግጥ ትዘላለች። ከሥር ግን የሚፋቅ ነገር የለም። ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ፤ የለም። አንድ ጉድጓድ ላይ የአማቴ ራስ ጣሪያውን ነካና እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁ።

«ምነው?» አሉ ፀጉራቸውን እያስተካከሉ። «ሰው ይጠብቀን የለም እንዴ? ንጂ!»

ማርሽ ለወጥኩ። ከኋላ ባዶዎቹ ጠርሙሶች ተንጫጩ።