የከንፈሩ ቀኝ ጥግ

ሰፈሩ «ጋሽ ፈገግ» ይለዋል። ፎቶ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ ካሜራው ፊት የተቀመጠውን ሁሉ፣ ለመታወቂያ የመጣውንም ለሠርግ የመጣውንም፣ «እስቲ ፈገግ» ሳይል አንስቶ አያውቅም። ለመታወቂያ መሳቅ አይፈቀድም ሲሉት «እኔ የማነሳው ከሳቃችሁ በኋላ የሚቀረውን ነው» ይል ነበር። ሰፈር መቼም ስም ማውጣት አይቸግረውም፤ ቅጽል ስሙ ዋናውን አስረስቶ ቀረ።

ታዲያ እንዲህ የተባለው ሰው አንድ ጠዋት ሲጉመጠመጥ ውሃው በአፉ ግራ በኩል ፈሰሰበት። መስተዋት ቢያይ ግራ ፊቱ ወርዷል፤ ዓይኑ አልከደን፣ ከንፈሩ አልነሳ ብሏል። ጎረቤት «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» አለው። ሐኪሙ ደግሞ የፊት ነርቭ መሆኑንና አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ እንደሚድን ነገረው። ጋሽ ፈገግ ከአብዛኛው ሰው አልነበረም። ዓመት አለፈ፤ ዓይኑ እንደምንም መከደን ጀመረ፣ ጉንጩ ግን በዚያው ቀረ። ሲስቅ ቀኙ ብቻውን ወደ ጆሮው ይሄዳል፤ ግራው እንዳኮረፈ ልጅ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ሰው ፊት መብላት ተወ። ጭምብል አድርጎ መሥራት ለመደ። «እስቲ ፈገግ» ማለቱንም ትቶ «ወደዚህ ይዩ» ብቻ ይላል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቤቱ ዝም ያለ ነበር፤ አሁን እሱም ከቤቱ ጋር ዝም አለ። ብቸኝነቱ አንገብግቦታል፤ ይህን ግን ለማን ይበል?

አንድ ልጅ አለችው፤ በሌላ ከተማ አስተማሪ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ጋሽ ፈገግ ግን የደበቀው ከሐኪም ሳይሆን ከልጁ ነው። ፊቱን እያየች ልታወራው ስትል «የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል» ይላታል። ፎቶ አንሺ ካሜራ ተበላሸብኝ ሲል ማን ያምናል? ልጁ ግን አባቷን አምና ኖረች፤ ለዕረፍት ልምጣ ስትለውም ሰበብ አያጣም ነበር።

አንድ ቀን ደወለችና «አባዬ፣ የማስተዋውቅህ ሰው አለ፤ በወሩ መጨረሻ ይዤው እመጣለሁ» አለችው። ደስታና ድንጋጤ ተደባለቁበት። በዚህ ፊት አማቹን ሊቀበል ነው።

ወደ ፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ሄደ። ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ታስረዳለች።

«መንገዱ ብዙ ነው ጋሼ» አለችው። «ከጭንዎ ጅማት ወስደን የወረደውን ከንፈር ሽቅብ መሳብ ይቻላል። ጡንቻ ከነነርቩ ከእግር አምጥቶ ጉንጭ ውስጥ መትከልም አለ፤ እሱ ግን እስኪሠራ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ቶሎ የሚደርሰው መርፌው ነው።»

«ግራው ላይ የሚወጋ?»

«አይደለም፣ ቀኙ ላይ። የታመመውን አያስነሳም። ጤነኛውን ነው የሚያደክመው፣ ሁለቱ እንዲመጣጠኑ። ለጥቂት ወራት ይቆይና ይለቃል።»

ነገሩ ገረመው። የቆመው ከወደቀው ጋር እኩል እንዲሆን የቆመውን ማስቀመጥ። ቢሆንም ለልጁ መምጫ የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው።

«ከሕመሙ በፊት ሲስቁ የተነሱት ፎቶ ያምጡልኝ» አለች ሐኪሟ። «የመርፌውን መጠን የምወስነው የቀድሞ ፊትዎን አይቼ ነው።»

ዕድሜውን ሰው ሲያነሳ የኖረው ሰውዬ የራሱ ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ፎቶ ቤቱ መግቢያ ላይ የተሰቀለው። እሱም ቢሆን እጁ ያረፈበት ነው። ጋሽ ፈገግ የሰው ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍት እጁ አያርፍም፤ ከፍ ያለውን ቅንድብ ያወርዳል፣ ያጋደለውን ከንፈር ያቀናል። ማንም ሳይጠይቀው ለሁሉም እንዲያ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ወደ ቀኝ የሚያጋድለውን የራሱንም ሳቅ አቅንቶት ነበር።

ሐኪሟ ፎቶውን አይታ «ሳቅዎ እንዴት የተስተካከለ ነበር» አለች። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ግን ሥራው ተመሰገነለትና ተወው።

«ከቀኙ እንቅስቃሴ ትንሽ ልተውልዎት? አንዳንድ ሰው ይፈልገዋል።»

«እንደ ፎቶው ያድርጉልኝ» አላት።

መርፌው ሠራ። በቀናት ውስጥ ቀኙ ረጋ፤ ፊቱ እኩል ሆነ። መስተዋት ፊት ቆሞ ያማረ ሥራ እንደሚያይ ሰው ተመለከተው። ለመሳቅ ሲሞክር ይህ ነው የሚባል ነገር አልተነሳም፤ «ቢያንስ አልተጣመምኩም» ብሎ ራሱን አጽናና።

ልጁ እጮኛዋን ይዛ መጣች። ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ አቀፈችው። እጮኛዋም ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፤ «እርስዎን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም» አለ። ጋሽ ፈገግ ወጣቱን ገና ሲያየው ወደደው። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አለና ሳቀ። እሱ ሳቅሁ አለ እንጂ ፊቱ ላይ የመጣ ነገር አልነበረም።

ልጁ የከንፈሩን ቀኝ ጥግ ትጠብቅ ነበር። ትንሽ ሳለች እናቷ ስትቆጣት አባቷ ከእናቷ ጀርባ ቆሞ ያቺን ጥግ ብድግ ያደርግላት ነበር፤ «አይዞሽ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ» ማለቱ ነው። ፈተና ስታልፍም፣ ሥራ ስትይዝም መጀመሪያ ያየችው እሷኑ ነው። ዛሬ ያቺ ጥግ አልተነሳችም። ምሳ ቀረበ፤ ወሬው ግን እየተቆራረጠ ሄደ።

እጮኛዋ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

«አልወደድከውም፣ አይደል አባዬ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ኧረ ወድጄዋለሁ።»

«ፊትህ እንደዚያ አይልም።»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለም። የወረደውን ጉንጭ፣ ተበላሸ የተባለውን የስልክ ካሜራ፣ መርፌውን፣ ሁሉንም ነገራት።

«ዓመት ሙሉ ብቻህን?» አለች። «ከእኔ ሌላ ማን አለህና ነው ከእኔ የደበቅከው?»



ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱን ፎቶ ቤቱ ወስዶ ካሜራው ፊት አቆማቸው። ልጁ ገና ፊቷ አልተፈታም። «እስቲ ፈገግ» አለ፤ ከታመመ ወዲህ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

«አንተ ጀምር» አለችው።

ጋሽ ፈገግ ከካሜራው ጀርባ ብቅ አለ፤ በአውራ ጣቱ የከንፈሩን ቀኝ ጥግ ብድግ አድርጎ ያዘ። ልጁ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እሱም በሌላው እጁ ካሜራውን ተጫነው።

ሸኝቷቸው ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ልጁ ከንፈር ሄደ፤ ያጋደለ ነገር አይቷል። ወደ ቀኝ ነው ያጋደለው። የራሱ ሳቅ ነው።

እጁን ሰበሰበ። ፎቶውን ሳይነካካ አተመና የራሱን አውርዶ በዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ የድሮ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ከፈተ፤ የትምህርት ቤቱን፣ የምረቃውን፣ ከእናቷ ጋር የተነሳችውን። በሁሉም ላይ ሳቋ ቀጥ ያለ ነው። ሁሉንም ያቀናው እሱ ነው፤ ያልተነኩትን ቅጂዎችም አላስቀረም። ልጁ ትንሽ ሳለች እንዴት ትስቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለውም።