ለአንድ ሸክላ የሚሆን ማጉያ

ምሥጋናው መምረጥ ከጀመረ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ፤ አሁን በጋውም ሊወጣ ነው። የሚመርጠው በሬ ቢሆን ኖሮ ገበያው ሁሉ በሳቀበት ነበር። እሱ የሚመርጠው ግን መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ነው፤ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያነሣትን ቅንጣት ድምፅ ተቀብላ፣ አስተካክላና አጉልታ ለትልቁ ማጉያ የምታቀብል። ቅድመ ማጉያ ይሏታል። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስጨንቀው ሌላ ሰው ስለሌለ የሚስቅበትም የለም። ቤት ውስጥ ሚስቱ አልጣሽ አለች፤ እሷ ደግሞ ሳቅ ከተወች ቆይታለች።

ነገሩ የመጣው በልጃቸው ነው። ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ ድምፀ መልካም ነበር። አንድ ፈረንጅ መጥቶ የእሱንና የጓደኞቹን ማኅሌት ቀድቶ ሄደ። ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ መድኃኒት ጠፋ፣ ሰይፈ ሥላሴ ደረቱን ታሞ ተኛና ሳይነሣ ቀረ። ድንገተኛ ነው፣ ምንም ቢደረግ አይተርፍም ነበር ተባለ፤ አልጣሽም ይህችን ቃል ይዛ ተጽናናች። የልጁ ስልክ በግርግሩ ጠፋ፤ ፎቶውም ድምፁም አብሮት ሄደ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ከሩቅ አገር አንድ ጥቅል ደረሳቸው። ሲፈቱት ሸክላ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ከመዘምራኑ ስም መካከል የልጃቸው አለ። ፈረንጁ ዛሬም ሸክላ የሚያሳትም ዓይነት ሰው ኖሯል። በስልክ የሚሰማ አድርገህ ላክልን ብለው ቢጽፉለት መልስ አልመጣም።

ምሥጋናው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ አሁን አሁን እንኳ ሞባይል ነው የሚጠግነው። ማጫወቻውን እንግዳ ጠፍቶ ከተዘጋ ሆቴል አገኘው። መርፌው ምርጥ ዕቃ ነበር፤ ምርጥነቱ ግን ጣጣ አለው፤ የሚያወጣው ድምፅ ከተራው መርፌ እጅግ ያነሰ ስለሆነ እንደ ነገሩ የተሠራ ሰሌዳ አይችለውም። ይህን ሳያውቅ ገበያ ላይ ያገኘውን መናኛ ሰሌዳ ገጠመና አልጣሽን ጠራት። ክፍሉን ሹክሹክታና ጩኸት ሞላው። ከሥሩ የሆነ ነገር ይዘምራል። አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጥቂት አዳመጠችና ተነሣች።

«ይኼ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው እንጂ ልጄ አይደለም» ብላ ወጣች።

ምሥጋናውን የያዘው ይህ ቃል ነው። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር መርፌው ይፍቀዋል፤ በተፋቀ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል። በመናኛ ዕቃ ዳግመኛ አልነካውም አለና ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጠው ከፋለ በስልክ አማካሪው ሆነ። መጀመሪያ ያመሰገነለት እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት አምፖሎች የሚሠራውን ነበር።

«ጋሽ ምሥጋናው፣ ድምፁ ማር ነው እኮ! እሱን የሰማ ሰው ወደ ሌላ አይመለስም።»

ምሥጋናው ንድፉን ሲያጠና ከረመ። በኋላ አምፖሎቹ የሚፈልጉትን የማያወላውል መብራት አሰበ። የላሊበላ መብራት እንደሆነ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ መጥቶም አንዳንዴ ከሻማ አይሻልም። ተወው። ሁለተኛው ቺፕ ያለበት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተበይዶ ማታ ይሰማል። እሱንም «ጥሩ ነው፣ ምርጥ ግን አይደለም» ብሎ ገፋው። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ፣ ትራንዚስተሮቹ አንድ በአንድ ተለክተው አምሳያ ለአምሳያ የሚጣመሩበት ነው። ባትሪ እንደ መስመር መብራት ድምፁ ውስጥ ገብቶ አያጉረመርምም፤ ድምፁም ከሁሉ የጠራ ነው ይላሉ። ጣጣው ማጣመሩ ነው። ከፋለ አንድ ከረጢት ትራንዚስተር በመንገደኛ እጅ ላከለት፤ ምሥጋናውም ተቀምጦ ይለካል፣ ይለያል፤ ጠዋት በብርዱ አንድ የሆኑት ፀሐይ ሲሞቅ ተለያይተው ያገኛቸዋል፤ እንደገና ይጀምራል።

«ምስር እንኳ እንዲህ አይለቀምም» አለችው አልጣሽ አንድ ቀን፣ በአጠገቡ ስታልፍ።

«ሸክላ ሲታተም ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው» አለ ሳያያት። «ሰሌዳዋ ያንን ወደ ቦታው ካልመለሰችው የራስሽን ልጅ አትለዪውም። ቀላል መሰለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ሄደች።

ደክሞታል። ዓይኑ ደክሟል፤ ወገቡ ደክሟል፤ ከሁሉ የደከመው ደግሞ የቱ ይሻላል ማለት ነው። ሆኖም ማቆም ፈራ። እየመረጠ እስካለ ድረስ ከሰይፈ ሥላሴ ገና የሚመጣ ነገር አለ። አንዴ ከተሰማ በኋላ ምን ይጠበቃል? ይህን ለራሱ እንኳ አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም፤ ግን አምፖሉንም ቺፑንም ያስጣለው ይኸው ፍርሃት ጭምር ነበር።

ከጾሙ ሳምንታት በአንዱ አልጣሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«ምሥጋናው፣ ድምፁን እየረሳሁት ነው።»

ትራንዚስተሩን ከመለኪያው ሳያወርድ ቀና አለ።

«ዛሬ ማኅሌት ቆሜ ላስበው ብል የሌላ ልጅ ድምፅ መጣብኝ። አባረርኩት፤ ተመልሶ እሱው መጣ። እንደው አንዱን ምረጥና ገላግለኝ። ዝናብም ቢሆን ግድ የለኝም።»

ባትሪውን መረጠ፤ ማለትም ከጠረጴዛው ላይ ሌላውን ሁሉ ጠረገው። ተቀራርበው ያገኛቸውን ትራንዚስተሮች አጣመረ፣ ከእንግዲህ ደግሞ አልለካም አለ። የብየዳ ሊዱን እያቀለጠ በየዳቸው፤ አንዱን ነቅሎ እንደገና በየደ። ሰሌዳዋን የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ሲገጥም ደስታ አልተሰማውም። ዕዳ የከፈለ ሰው ያህል ብቻ ተነፈሰ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ጥሩሰው መጡ፤ ሰይፈ ሥላሴን ዜማ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ይቀመጡ መሪጌታ፣ እዚህ ይሻልዎታል» አለች አልጣሽ መደቡን በእጇ ጠረግ እያደረገች።

ምሥጋናው ባትሪውን አገናኘ። ምንም አልተሰማም፤ ጩኸትም ሹክሹክታም የለም። ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። መርፌውን ሸክላው ላይ ሲያሳርፍ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቤታቸው ገባ። የጽናጽሉ ጫፍ ሳይመታ በፊት ሲነካካ ይሰማል፤ መቋሚያ ድንጋይ ላይ ሲደገፍ፣ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ድምፅ ብቻውን ተነሣ።

«እሱ ነው» አለች አልጣሽ። አላለቀሰችም፤ እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው ነጠላዋን አስተካከለች።

የምሥጋናውን ልፋት ውሃ አልበላውም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይከተሉ ነበር፤ ድንገት ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ለምን ቆረጠው?» አሉ ለራሳቸው። «ጎትቶ የሚያወጣው ቦታ ነው። እንዲህ አላስተማርኩትም።»

አልጣሽ እጇን አነሣች፤ ዝም በሉ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ምሥጋናውም ሰማው። ልጁ ትንፋሽ ሲስብ ከደረቱ ቀጭን ፉጨት ይወጣል። በሚቀጥለው ሐረግም አለ። ሌሎቹ ሲቀበሉት ደግሞ ወደ ጎን ዘወር ብሎ፣ በነጠላ የታፈነ ሳል፣ አንዴ፣ ከዚያም ረዘም ያለ። መናኛው ሰሌዳ ይህን ሁሉ በዝናቡ ሸፍኖላቸው ነበር።

«ያን ጊዜም ታሞ ነበር» አለች አልጣሽ ቀስ ብላ። «መንገዱ ሳይዘጋ። መድኃኒት እያለ። እቤት ሲመጣ ይደብቀኝ ነበር ማለት ነው።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ምሥጋናው የሚገባበት ጠፋው። ይህን ያህል ጊዜ መርጦ፣ አንድ በአንድ ለክቶ፣ ከሁሉ የጠራውን ፈልጎ ያመጣላት ይኼን ነው። ድንገተኛ ነው የሚለውን መጽናኛዋን በገዛ እጁ ወሰደባት። ሊያነሣው እጁን ወደ መርፌው ሰደደ።

አልጣሽ መርፌው ጋ ሳይደርስ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ታሞም ዜማውን ጨርሶታል እኮ። አታቋርጥብኝ።»