ይውደም ያለው ማን ነው?

በዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ውሸት ከተገኘች ጣና ከነጉማሬው ይዋጠኝ!

አምና ነው። ቀበሌያችን የዓሣ አጥማጁን የሳሊህን ጀልባ ያዘና፣ «ፀረ ሕዝቦችን ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ አሻግረሃል» ብሎ ስብሰባ ላይ አቀረበው። ጀልባዋ ከተወረሰች የሳሊህ ቤት አለቀለት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ እግሩን ያነቃንቃል፣ በሩን በሩን ያያል። ያኔ እኔ ደሞዝ ተነሣሁ። ጣሪያው ከፍ አለልኝ።

«ጓዶች!» አልሁ፤ ድምፄ ከከተማው ውጭ ሰባታሚት ድረስ ተሰማ። «ዱሮ ሰው ቃሉን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ቃሉ ሰውየውን ይጠብቀዋል፤ ያውም በጠመንጃ! ዱሮ ትዕግሥት የጻድቃን ነበረች። ዛሬ የስኳር ሰልፍ ናት!»

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ላቡን ጠረገ። እኔን ማን ሊያቆመኝ!

«ዱሮ የሚፈራው ፈጣሪ ነበር። ዛሬ የሚፈራው ጎረቤት ነው!»

ተናጋሪ ትንፋሹን በዋጠ ቁጥር ግራ እጁን ማንሣት የለመደ ሕዝብ አይደል? አዳራሹ በሙሉ፣ «ይውደም!» አለ። ካድሬውም አብሮ ጮኸ። ከዚያ የገዛ ቡጢውን ቀና ብሎ አየና ደነገጠ።

«ጓድ ደሞዝ፣ ምኑ ነው የሚወድመው?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ ‹ዛሬ› ብቻ ነው ያልሁ። ይውደም ያላችሁት አንተና ሰፊው ሕዝብ!»

ካድሬው «ጀልባዋ ትመለስ!» ብሎ በመስኮት ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሳሊህ ጉልበቴን ስሞ አልጠግብ አለ፤ ወር ሙሉ ቤቴ ዓሣ ሲጎርፍ ከረመ።

ይህን ሐይቁ ዳር ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልጆች ሳወራ፣ አንዳርጋቸው የሚባለው ቀልደኛ፣

«ጋሼ ደሞዝ፣ ያን ሁሉ ተናግረው አንገትዎ እንዴት ተረፈ?» አለኝ።

«የኔ አንገት? ቢቆርጡትም ይናገራል!»

ልጆቹ ሳቁ። ከኋላችን ዓሣ በቢላዋ የምትበልተውን ሴት ልብ አላልኋትም ነበር፤ ለካ የሳሊህ ሚስት መዲና ናት። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ በቀስታ፣

«ጋሼ ደሞዝ፣ እኔ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለች።

«ይኸው! ምስክሬ መጣች!»

«ማንም አልተነሣም፣ ጋሼ። ሳሊህም እስከ ዛሬ በሰው ጀልባ ነው የሚቀዝፍ። የኛይቱን ፈልጠው አግዳሚ ወንበር ሠሩባት፤ ስብሰባ ስትገቡ የምትቀመጡባት እሷ ናት።»