የጳጉሜ ልጆች

መምህር ነቢዩ ከጎንደር ተመድቦ ቦንጋ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በእጅ ይጻፍ የነበረውን የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ዘንድሮ ወደ ኤክሴል ያዞረው እሱ ነው፤ ስለዚህም ዝርዝሩን ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጥፍ ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር። የልደት ቀን ሲያስገቡለት ዕድሜውን ራሱ ያሰላል፣ መስከረም አንድ ላይ ሰባት ዓመት የሞላቸውን ለይቶ ያወጣል።

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጠው በዛወርቅ መንታ ሴት ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ቢሮው ገባች። ሦስቱንም ዝናብ መቷቸዋል።

«መምህር፣ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ ነው እንዴ የምትወስዱት?»

«ኧረ የለም። ምነው እትዬ በዛወርቅ?»

«የሃሌሉያ ስም አለ፣ የዝማሬ ግን የለም። ደግሜ አስነበብኩ።»

ዝማሬ አዲሱን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንዴ ነቢዩን አንዴ ኮምፒውተሩን ታያለች። «እሷ ገብታ እኔ ቤት ልቀር ነው? ታላቅ እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ወዲያ ማዶ ደብተር የሚያርመው መምህር ሰሚር ቀና አለ። «አብረው ተፀንሰው ታናሽየዋ ሰባት ሞላት፣ ታላቅየዋ አልሞላትም? ያንተ ማሽን ጉድ ነው።»

ነቢዩ ወደ በዛወርቅ ዞረ። «መቼ ነው የወለዷቸው?»

«ዝማሬን ጳጉሜ አምስት፣ ማታ። ይቺኛዋ አስቸገረችኝ፤ የመጣችው በአዲስ ዓመት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። አዋላጇ ‹ሁለት ዓመት አማጥሽ› እያለች ትስቅብኝ ነበር።»

ነቢዩ ሠንጠረዡን ከፈተ። እህትማማቾቹ ላይና ታች ተቀምጠዋል። በሃሌሉያ አንጻር ሰባት ቁጥር አለ፤ በዝማሬ አንጻር ግን ስሌቱ እንዳልተሳካ የሚናገር የእንግሊዝኛ ምልክት ብቻ። ሰባትና ከዚያ በላይ የሆኑት ብቻ እንዲወጡ አዞት ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ዝማሬን ምንም ሳይል ዘሏታል።

የልደት ቀኖቹን አስተያየ። የሃሌሉያ ከሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቷል፤ የዝማሬ ግራ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ቀን መሆኑን ያወቀውን ወደ ቀኝ፣ ተራ ጽሑፍ ነው ያለውን ወደ ግራ እንደሚያስጠጋ ነቢዩ ያውቃል። የዝማሬን አነበበው፦ አምስት፣ አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥር።

«አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«የፈረንጅ ዕቃ ጳጉሜን ከየት አባቱ ያምጣልህ» አለ ሰሚር።

ነቢዩ የዝማሬን ልደት አጥፍቶ በምትኩ መስከረም አንድ ጻፈ። ሰባት ቁጥር ወዲያው ብቅ አለ። «በቃ፣ ገብታለች። ሁለቱም መስከረም አንድ ሆኑ።»

በዛወርቅ በካፊኖኖ ቋንቋ ለልጆቿ አስረዳቻቸው። ሃሌሉያ ሳቀች። «እንግዲህ እኩያ ነን። አታዢኝም።»

ዝማሬ ቦርሳውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ተዋት መምህር፣ ዋናው መግባቷ ነው» አለች እናትየዋ።

ነቢዩ ግን እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። ዛሬ የጻፈው ቀን ነገ ካርዷ ላይ፣ ኋላም ምስክር ወረቀቷ ላይ ይከተላታል። እናቷ አምጣ የወለደችበትን ማታ እሱ ለገዛ ምቾቱ ሊሰርዘው ነው። አጠፋው።

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያያቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳያነባቸው፣ የልደቱን ዓመት ከዘንድሮው ዓመት እንዲቀንስና መስከረም አንድ ካልተወለዱት ላይ አንድ እንዲያነሳ አዘዘው። በጣት የሚቆጠር ነገር ነበር፤ ትልቅ መላ ፍለጋ ሲለፋ መክረሙን አስቦ በራሱ ሳቀ። በጳጉሜ አምስት አንጻር ሰባት ወጣ።

«ዝማሬ፣ ታላቅ ነሽ። እዚህም ተጽፏል።»

ልጅቱ ጠጋ ብላ ስክሪኑን አየች። ማንበብ ባትችልም የበላዩ ስም የእሷ መሆኑን ጠይቃ አረጋግጣ፣ ለእህቷ በጣቷ አሳየቻት።

ነቢዩ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። ጠዋት ያልነበሩ ሌሎች ስሞችም ብቅ ብለዋል፤ የጳጉሜ ልጆች፣ ደግሞም ጥቅምት ሠላሳ የተወለደ አንድ ልጅ። የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ሠላሳ የለውም። የእነዚህ ወላጆች እንደ በዛወርቅ መጥተው አልጠየቁም። በር ላይ አንብበው፣ ወይም አስነብበው፣ ዝም ብለው ሄደዋል።

የጥቅምቱን ልጅ አባት ስልክ ፈልጎ ደወለ። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅና የረዳት ጩኸት ይሰማል።

«ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ ከትምህርት ቤት ነው የምደውለው። ልጁ የት ነው?»

«አብሮኝ ነው መምህር። ዘንድሮ አልደረሰም አላችሁ፤ እዚህ ሥራ እየፈታሁ ከማቆየው ብዬ ሺሺንዳ ለአያቱ ላደርሰው ነው። መናኸሪያ ነን፣ ተሳፍረናል።»

«ደርሷል። ስህተቱ የእኔ ነው። ይውረዱ።»

«አሁን?»

«አሁን፣ መኪናው ሳይነሳ። ልጁን ይዘው ይውረዱ።»