የሦስት ሜትሩ ጣውላ

አናጢው አባቷ ስትሮክ መቶት ቀኝ ጎኑ ከሰነፈ ስድስት ወር ሆኖታል። እግሩ ደህና እየሆነለት ነው፤ ምላሱ ግን ከአንድ ቃል በላይ አልታዘዝ ብሎታል። ልቡ ያለው እዚያው የእንጨት ሥራ ቤቱ ነው። ሥራ ቤቱን አብሮት ያቋቋመው አጎቷ ደግሞ ቁርጡን ነገራት።

«አንቺ አስተማሪ አይደለሽ? ፈትኚው። ሒሳቡ ካልጠፋበት እየለካ ያሠራ፣ ቦታው የሱ ነው። ከጠፋበት ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ መጋዝ ቀልድ አያውቅም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፏን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። መደመሩን ተወጣው። መቀነሱንም፣ ከአሥር ቤት መበደሩ ሳይቀር፣ በግራ እጁ እየሞነጫጨረ ተወጣው። «ጎሽ የኔ አንበሳ!» ስትለው በግማሽ ፊቱ ይስቅላታል። ታዲያ ምን ነካት? ለማካፈሉ ከሙያው ጥያቄ ላውጣለት አለች።

«አባዬ፣ የሦስት ሜትር ጣውላ አለህ። ባለ ስድሳ ሳንቲሜትር መደርደሪያ ስንት ይወጣዋል?»

«አራት» አለ ሳያቅማማ።

«ቀስ በል እንጂ! መጀመሪያ ሜትሩን ወደ ሳንቲሜትር እንለውጥ። ሦስት ሲባዛ በመቶ?»

ሦስት መቶ ብሎ ጻፈ።

«ጎሽ። ሦስት መቶ ለስድሳ ይካፈል። ከሁለቱም አንድ አንድ ዜሮ እናጥፋ። ሠላሳ ለስድስት?»

አምስት ብሎ ጻፈ። እሰይ ልትል አፏን ስትከፍት ሰረዘውና «አራት!» አለ። ሰነፉ ቀኝ እጁ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ ይል ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ ብላ ደነገጠችና በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ዓይን ዓይኗን እያየ «አራት» አላት፤ እንባው መጣ።

ሦስት ቀን ሙሉ ያው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሷም መጽሐፏ ላይ ሙጭጭ አለች። በአራተኛው ቀን ለአጎቷ ደውላ «ማካፈል አልቻለም» አለችው፣ እያለቀሰች። አጎቷ መጥቶ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ወሰደ። አባቷ ቁልፉ ይሰቀልበት የነበረውን ምስማር ብቻ ያይ ነበር።

በወሩ የአባቷን የሥራ ካፖርት ልታመጣ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደች። አዲሱ አናጢ ጣውላ ይቆርጣል። መጋዙ ወደፊት ወደኋላ ሲል ሰጋቱራው እግሩ ላይ ይረግፋል። አጎቷ ይጮህበታል።

«ኧረ አንተ ሰው! መጋዝ ይበላል አላልኩህም? በቆረጥክ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል! ይኸው የመጨረሻዋ አጠረች። ከሦስት ሜትር አምስት ባለ ስድሳ ይወጣል ያለህ ማነው? አራት ነው!»

ክው አለች። የአባቷ እጅ መች ተንቀጠቀጠና! እየገዘገዘ ነበር። አፉ ቢያቅተው በእጁ ሲነግራት፣ እጁን ይዛ ዝም ያሰኘችው እሷ ናት።

ካፖርቱን እንኳ ሳትይዝ ወደ ቤት በረረች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ የዚያ የሦስት ሜትር ጣውላ መልስ... እንደገና ንገረኝ። ስንት ነበር?»

ደብተሩን አዞረላት። ለካ እሷ ሳታየው ወር ሙሉ ሲለማመድ ኖሯል፤ ከገጽ እስከ ገጽ ሠላሳ ለስድስት፣ ሠላሳ ለስድስት። ቀኝ እጁን በግራው ጭምቅ አድርጎ ያዘና እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና አለ።

«አምስት» አላት።

ከዚያም ጎሽ እስክትለው ድረስ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ ጠበቃት።