ፋሮዋ በሩን የቀየረችለት ካቦ

በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ፋሮ ወደ ሰሊጥ እርሻው መጥታ ካቦውን አስጠራች። ፋሮ እባብ እየበላች የምትኖር፣ ከክንድ ብዙም የማትረዝም ቡናማ አውሬ ናት። ሠራተኞቹ ቀና ብለው አዩአትና ወደ አጨዳቸው ተመለሱ።

ድንበሩ የሚባለው ካቦ ከዳሱ ወጣ። አርባ ሰው ያዛል፤ እሱ ራሱ ጎንበስ የሚለው ግን የጫማውን ክር ለማሰር ብቻ ነው። ፋሮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ያየችው ነገር ደስ ያሰኛት አይመስልም። ከዚያ የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችው። የእባብ መርዝ ገላ ውስጥ ሲገባ የሚያንኳኳው በር አለ። የእሷ ቅድመ አያቶች ያንን በር ድሮ ስለቀየሩት መርዙ መግቢያ አጥቶ ይቀራል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ፣ በሩን ልትቀይርለት ትችላለች።

«ነዶ የሚያነሳው ማነው?» አለች።

ነዶ የሚያነሳው ወረታው ነበር። የታጨደው ሰሊጥ ሲደርቅ ከሥሩ እባብ ይተኛል። ነዶ አንሺ በየዓመቱ አዲስ ነው፤ የአምናው ስለማይኖር። ወረታው የድንበሩ እህት የእናኑ ባል ነው። ከደጋ ሲወርዱ እናኑ የወንድሟን እጅ ይዛ፣ «ወንድምዓለም፣ አደራህን፣ በደህና መልስልኝ» ብላዋለች። ድንበሩም ጎረቤት ሁሉ እያየ ደረቱን መትቶ ተቀብሏል። ደረት መምታት ያውቅበታል።

አሁን ድንበሩ ወረታውን ከሩቅ አየው፤ ላቡን እየጠረገ ነበር። ካቦ ከሞተ አርባ ሰው ይበተናል ሲል ለራሱ አሰበ። እንዲህ ያለ ሰው ምክንያት አያጣም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፋሮዋ እጁን አገላብጣ አየች። አንዲት ጭረት አልነበረበትም።

«ካልክ እሺ» አለችና አውራ ጣቱን ነክሳ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ድንበሩ ዳሱ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነደፈው። ምንም አልሆነም። ይህንኑ እስከ ምሳ ድረስ ለሁሉም ሲያወራ ዋለ። ዓርብ ዕለት ያው እባብ ወረታውን ነደፈው። ድንበሩ ቃሬዛ እንዲሠራ አዘዘ፤ ቃሬዛው ሳያልቅ ወረታው ሞተ።

ድንበሩ ሊያለቅስ ፈለገ፤ ቢያንስ ለሰው ዓይን። ሐዘኑ መጣ፣ አንኳኳ፣ መግቢያ አጥቶ ተመለሰ።

ደጋ ሲደርሱ የለቅሶው ድንኳን ተተክሎ ነበር። እናኑ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«አደራዬስ?» አለችው።

ድንበሩ ቃሉን ሰማ። ሰማ እንጂ ቃሉ ወደ ውስጡ አልገባም። እናኑ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ በጨለማ በር እንደሚፈልግ ሰው ቀስ ብላ ዳበሰችው። ስታጣ ወደ ድንኳኑ ገብታ ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ ለቀስተኛው ተሰልፎ እያንዳንዱ ደረቱን ዳብሶ አለፈ። ድንበሩም እንደ ግድግዳ ቆሞ ተዳበሰ።

ከሰልፉ መጨረሻ እባቡ ነበር። ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ የድንበሩን ደረት በአፍንጫው ዳበሰ፤ እሱም አጣ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባ። ለቀስተኞቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከእናኑ ጎን ቦታ ለቀቁለት።